ጌጤ ቱፋ የተረታችበት ሙግት

«ሚስተር ቱፋ ሦስት ወር ሙሉ አልተቃወመኝም። ደህና ነው?»

ይህች ኢሜይል የመጣችው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የጻፋት ሰውዬ ሆላንዳዊ ነው፤ ቢሮ ውስጥ «ሆላንዱ» እያልን እንጠራዋለን እንጂ ፊቱን አይተነው አናውቅም። የጻፈውም ለእኔ አይደለም፣ በየአገሩ ለተበተነ ብዙ ሰው ነው። ዌብሳይት የሚሠራበት አንድ የኮምፒውተር ቋንቋ አለ። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ የተሻለ አለኝ የሚል ሐሳቡን ያቀርባል፣ ሌላው ይቃወመዋል፣ መጨረሻ ላይ ድምፅ ይሰጥበታል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚካሄደው በኢሜይል ነው። እኛ «ሊስቱ» እንለዋለን። እዚያ ሊስት ላይ ሆላንዱን ስድስት ዓመት ሙሉ ዕረፍት የነሳችው ጌጤ ቱፋ ያን ዕለት ከሞተች ሁለት ወር አልፏት ነበር።

ሊስቱን አነባለሁ እንጂ ጽፌበት አላውቅም ነበር። ምን ቆርጦኝ! እዚያ ያለው ሰው አንድ ነጥብ ብትስቺ ሦስት ገጽ ይጽፍብሻል። የዚያን ቀን ግን ለእሱ ለብቻው ሁለት ዓረፍተ ነገር ላክሁለት፦ ጌጤ አርፋለች፤ ደግሞም ሴት ናት፣ ቱፋ የአባቷ ስም ነው። በማግስቱ «ስድስት ዓመት የተከራከርኩት ከአባቷ ጋር ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። በሐዘኔ መሀል ሳቄ መጣ፤ ሰውዬው ሳያውቀው ግማሹን መትቶታል።

አቶ ቱፋ ከእንጦጦ ግርጌ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ከተማው መሬታቸውን ሳይደርስበት በፊት፣ የድንበር ሙግት የገጠመው ሁሉ «ቱፋን ጥሩልኝ» ይል ነበር አሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሲሟገቱ ግን በሁለት ቋንቋ ነው፤ ዳኛው አማርኛ ሲሰለቸው በኦሮምኛ ተረት ያስቁታል፣ ባላጋራቸው ኦሮምኛውን ሲለምድ በአማርኛ ይጠመዝዙታል። ጌጤ ልጅ ሆና ከኋላ ከኋላቸው እየሄደች ይህን ሁሉ ሰምታለች። ስሟን እያሳጠረች «ጂ ቱፋ» ብላ ነበር የምትፈርመው፤ ፈረንጆቹም ወንድ አደረጓት። አርሚያቸው ብንላት «ተዉት፣ አባቴም ሥራ ያግኝ» አለችን።

ጉርድ ሾላ፣ ከፈርኒቸር ቤት በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር ቢሮአችን። የገባሁ ቀን «እትዬ ጌጤ» አልኳት፤ አምሳ ሊሞላት ምንም አልቀራትም፣ እኔ ሠላሳ ነበርኩ።

«እትዬን ከበር ላይ ተይው» አለችኝ። «ጌጤ በይኝ። ከፈለግሽ ስደቢኝ። ብቻ አንቱታው ይቅር። ሰው አንቱ እየተባባለ አይከራከርም።»

አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ኮምፒውተር ገብቶ የጽሕፈት መኪናዎቹ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጣሉ ጓደኞቿ ሌላ መደብ ለመኑ፣ እሷ ግን ማሽኑን ማን እንደሚያዘው ልወቅ አለች። ዲግሪ የላትም። ያላት አሥር ጣትና አንድ ምላስ ነው፤ ሁለቱም አያርፉም።

አሠራሯን ያላየ ሰው ቢነግሩትም አያምንም። ሊስቱ ላይ አንድ የማትቀበለው ሐሳብ ስታገኝ ቶሎ አትመልስም። ብድግ ትላለች። ሹራቧን ልክ እንደ ጥንት ተሟጋች በአንድ ትከሻዋ ታጣፋለች፣ ማስመሪያ ታነሳለች፣ ወደ ኮምፒውተሩ ትዘረጋና «በላ ልበልሃ!» ትላለች። ከመካከላችን አንዱን ዳኛ አድርጋ ታስቀምጣለች። ታዲያ መጀመሪያ የምትሟገተው ለራሷ አይደለም፤ ለሆላንዱ ነው። የእሱን ክርክር ከእሱ አሳምራ፣ እሱ ያልደረሰበትን ምክንያት ሁሉ ጨምራ ታቀርብለታለች። ዳኛው «እንዲህ ከሆነማ እውነቱ የሆላንዱ ነው» ብሎ ካልፈረደ በቀር ወደ ራሷ አትዞርም። ከዚያ ዞራ ታፈርሰዋለች። ማፍረስ ያቃታት ቀን ደግሞ «ልክ ነህ» ብላ አንድ መስመር ትልክለታለች። ይህን ሁሉ በአማርኛ፣ ሲብስባት በኦሮምኛ ከጨረሰች በኋላ ነው ተቀምጣ በእንግሊዝኛ የምትጽፈው። እንግሊዝኛዋ አጭርና ደረቅ ነው፤ አንዱ ፈረንጅ «ሚስተር ቱፋ ሁልጊዜ የተቆጣ ይመስለኛል» ብሎ ጽፎ ነበር። ሰውዬው ተሳስቷል፣ ስትስቅም ያው ነች።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ቋንቋው አንድ የቆየ ጠባይ ነበረው፤ ቻይ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ፈልጎ ቢያጣ፣ የአንድ ሰው የትውልድ ቀን ሳይሞላ ቢቀር ለምሳሌ፣ አይቆምም። ባዶ ነው ብሎ ቆጥሮ ሥራውን ይቀጥላል። ሆላንዱ ይህ ይቅር አለ። የጎደለ ነገር ሲገኝ ፕሮግራሙ እዚያው ቀጥ ይበል፣ የጻፈው ሰው ይምጣና ያስተካክል፤ ዝም ብሎ ማለፍ ስህተትን መደበቅ ነው አለ።

ለእኛ ይህ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። ድርጅታችን ለጥቂት ጤና ጣቢያዎች የካርድ ክፍል መመዝገቢያ ሠርቷል፤ አብዛኛውን የጻፈችው ጌጤ ናት። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ከሚቆመው ሰው ብዙው የተወለደበትን ቀን አያውቅም፤ ስልክ የሌለውም አለ። ጸሐፊዋ ስሙን ጽፋ ሌላውን ባዶ ትታ ታሳልፈዋለች። የሆላንዱ ሐሳብ እንዳለ ከጸደቀ ግን በእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ላይ ገጹ ይቆማል፤ ሰልፉ ይቆማል፤ በሽተኛው ከነሳሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አንዱ ሊስቱ ላይ «እንዲህ ያለ አሮጌ ኮድ ዛሬ ማን ይጠቀማል? ማንም» ብሎ ጻፈ።

«ማንም?» አለች ጌጤ። ሹራቧን አነሳች። «ማንም ነው ያለኝ?»

የዚያን ቀን ዳኛ እንኳ አላስቀመጠችም። «ማንም የምትለው እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችለት። «አድራሻዬ የካ ነው። ካርድ ክፍል መስኮታችን ላይ የሚሰለፈውም ሰው ማንም ነው። እናንተ ዘንድ የማይታይ ነገር ሁሉ የለም ማለት አይደለም።» እኛም አጨበጨብንላት። ይህች ጭብጨባ ናት መሰለኝ ያሳሳተቻት፤ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች። «ይህ ጠባይ በእኔ ሥራ ላይ አንድም ሰው ጎድቶ አያውቅም። ብረታ ማር።»

ፈረንጆቹ ግራ ገባቸው። የምን ማር? በአባቷ ዘመን ተሟጋች ለነገሩ ማር ወይ በቅሎ ይወራረድ እንደነበር፣ የተረታም እንደሚከፍል አስረዳቻቸው። ቀልድ መሰላቸው። ሆላንዱ ግን አልቀለደም፦ «ማሩን ተቀብያለሁ። ማስረጃ አምጣ» አለ።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አልኳት።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አለችኝ። «ምስክሬን እቆጥርለታለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሦስት ምሳሌ ጽፎ ይገላገል ነበር። እሷ ግን አንዱን ጤና ጣቢያ አስፈቅዳ፣ ባዶ ቦታ ታልፎ የተመዘገበውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈች። እያንዳንዱን ከፍታ በዓይኗ አየች። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ልንወጣ ስንል ጠራችኝ።

«ነይማ፣ ይህችን ሴት እያት።»

አስካለ በቀለ ይላል። የትውልድ ቀን ባዶ፣ ስልክ ባዶ። «በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ ስምንት ኪሎ ጨምራለች» አለች ጌጤ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ። «ምን በልታ ነው?»

ሳቅ ልል ነበር፣ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ሁለት ሴቶች ናቸው። ሁለቱም አስካለ በቀለ፣ ሞክሼዎች። አንዷ ሳል ይዟት የመጣች፣ ሌላዋ የእርግዝና ክትትል ላይ ያለች። ሁለተኛዋ ስትመዘገብ ፕሮግራሙ «ይህች ሰው ከዚህ በፊት መጥታለች ወይ?» ብሎ ጠይቋል። ስሙ አንድ ነው። የትውልድ ቀን እዚህም ባዶ፣ እዚያም ባዶ። ስልክም እንዲሁ። ባዶና ባዶ እኩል ነው ብሎ ቆጠረና ሁለቱን ሴቶች አንድ መዝገብ ላይ ጣላቸው። ሁለቱም በዚያ ሳምንት አክታ ሰጥተዋል። የመጀመሪያዋ ሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባታል። የሁለተኛዋ ውጤት በኋላ መጣ፣ ንጹሕ ነው፤ ከላይ ተቀመጠ። የምታስለው ሴት ውጤቷን ልትጠይቅ ስትመጣ መስኮቱ ላይ ያለው ኮምፒውተር ነፃ ነሽ አላት።

«መቼ ነው?» አልኩ።

«ሁለት ወር አልፎታል» አለች፤ ተቀመጠች። ጌጤ ክርክር ላይ ስትቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ባዶና ባዶ እኩል ነው እንዲል የፈቀድኩለት እኔ ነኝ» አለች።

ወዲያው ጤና ጣቢያው ደወለች። እዚያ ያለችው ሲስተር ወረቀቱን ካርድ አስፈልጋ አገኘች፤ ጸሐፊዋ ጠርዙ ላይ በእስክርቢቶ «ፈረንሳይ ታክሲ ማዞሪያ፣ ቆሎ የምትሸጥ» ብላ ጽፋበታለች። ኮምፒውተሩ ያልያዘውን የወረቀቱ ጠርዝ ይዞት ተገኘ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ እኔና ጌጤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወጣን። ማዞሪያው ላይ ቆሎ የሚሸጡ ሦስት ሴቶች አሉ፤ አስካለ የለችም። «እሷማ ተወችው» አለችን አንዷ። «ሥራ ጠልታ እናቷ ጋ ወጣች። ወደ ላይ ነው፣ ባህር ዛፉ ጋ።»

ያንን ዳገት እስከዛሬ ጉልበቴ ያስታውሰዋል። ጌጤ ከእኔ በሃያ ዓመት ትበልጣለች፣ ከፊቴ ግን አንዴም አልቆመችም። የጠየቅነው ሰው ሁሉ ጌጤን ያውቃታል፤ ለግማሹ በአማርኛ፣ ለግማሹ «አካም ጅርታ» እያለች በኦሮምኛ ሰላምታ ትሰጣለች። አስካለን ያገኘናት ከቤታቸው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ነው፣ ጋቢ ተከናንባ። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

ሲስተሯ ቀድማ በስልክ መክራናለች፤ «የሲስተም ችግር ነበር በሏት፣ እንዳትደነግጥ» ብላናለች። እኔም እንደዚያው ጀመርኩ። ጌጤ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሲስተም የሚባል ሰው የለም» አለች። «አስካለ፣ ስሜ ጌጤ ነው። ውጤትሽን የሚያወጣውን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካንቺ ጋር ስሟ አንድ የሆነ ሴት አለች፣ የእሷን ውጤት ላንቺ ሰጠብሽ። አንቺ ቲቢ አለብሽ። ይድናል፣ መድኃኒቱም አለ። ስህተቱ ግን የእኔ ነው።»

አስካለ በዚያች በቀረቻት ጉልበት ተነስታ ጮኸችባት።

«ነፃ ነሽ ተብዬ ነው'ኮ! ነፃ ከሆንሽ ምን ያስተኛሻል ብሎ አገር ሁሉ ሰነፍ አለኝ! እናቴ ሳትቀር! እኔም ሐኪም ያለው ነው ብዬ ራሴን ሰነፍ አልኩት፣ ሰማሽ? ራሴን ሰደብኩት!»

ያች ለማንም መልስ የማታጣ ጌጤ አንገቷን ሳትደፋ፣ ዓይኗን ሳትሰብር ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አስካለ ሳሉ አቋረጣት፤ ሳሉ ሲለቃት በሌላ ድምፅ «ሞክሼዬስ ደህና ናት?» አለች።

«ደህና ናት። ነፍሰ ጡር ናት።»

«እሰይ» አለች፣ እንደተቆጣች።

በሁለት በኩል ደግፈናት ወረድን። ሲስተሯ ቅዳሜ ነው ሳትል መጥታ ጠበቀችን፤ አስካለ የዚያኑ ዕለት መድኃኒት ጀመረች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ስሟ እንደገና ሲመዘገብ እያየች ጌጤን «አሁን ይሄን ምን ታደርጊዋለሽ?» አለቻት።

«ዓለም ሁሉ በሚያየው ቦታ እጽፈዋለሁ። ስምሽን ግን አልጠራም።»

«ለምን አትጠሪም? ስሜ አይደል እንዴ የጠፋው?» አለች አስካለ። «በሽታዬን ተይው። ስሜን ጥሪው።»

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምስ ወንበር ስቦ ጌጤ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ለሌሎች ጤና ጣቢያዎች አዲስ ውል ሊፈረም ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ የሁላችንም እንጀራ እዚያ ላይ ነው።

«ሴትየዋ ተገኘች፣ እግዜር ይመስገን» አለ። «ኮዱን ትናንት እሑድ ገብተሽ አስተካክለሻል። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?»

«ደብዳቤው።»

«የቱ ደብዳቤ? ለፈረንጅ ምን ዕዳ አለብን? ዝም አይነቅዝም፣ ጌጤ።»

«ዝም አይነቅዝም። አስካለ ግን ነቅዛ ነበር።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ውሉ ይፈረም፣ ከዚያ ትጽፊያለሽ። አንድ ወር ነው።»

«እያደር እስኪጠራ ስንቱ ነው የሚያድረው?» ብድግ አለች። «ደምስ፣ ስማኝ። ይህ ቋንቋ ነፃ ነው፤ የኛ ብቻ አይደለም። እንደኔ የጻፈ ሰው በየአገሩ ሞልቷል። የእኛን ቀዳዳ ደፍነን ዝም ካልን የሌላውን አስካለ ማን ዳገት ወጥቶ ይፈልጋታል? ሊስቱ ላይ አንድም ሰው አልተጎዳም ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። በሐሰት መስክሬ ማደር አልችልም።»

«ከጻፍሽው እዚህ አትቆዪም» አለ ደምስ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፣ እሱም ከብዶት ነበር።

ጌጤ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ዛሬ ዳኛ ነሽ። ፍረጂ።»

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ዳገቱን አብሬያት ወጥቻለሁ፣ አስካለን በክንዴ ደግፌ አውርጃለሁ፤ የደመወዜ ነገር ሲመጣ ኪቦርዴ ላይ አቀረቀርኩ። ይህን ዛሬ ሳወራው ፊቴ ይግላል። ጌጤ ትንሽ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችኝም፣ ለምን እንዳልተቆጣችኝ አላውቅም። «እሺ፣ ዳኛ ከሌለ ሙግቱ እኔ ጋ ነው» ብላ ተቀመጠችና ደምስ እያያት ጻፈች።

«ተረትቻለሁ» ይላል ደብዳቤዋ። «አንድም ሰው አልተጎዳም ብዬ ነበር። አንዲት ሴት ተጎድታለች። ስሟ አስካለ በቀለ ነው። ሌላም አስካለ በቀለ አለች። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ቋንቋው ስለፈቀደለት አንድ አደረጋቸው። ማሩን እልካለሁ። ነገር ግን የተረታሁት ግማሹን ነው። ዝም ብሎ ማለፍ ሰው ይጎዳል፤ ይህን በዓይኔ አየሁ። ዝም ብሎ መቆምም ይጎዳል፤ የቆመው ገጽ ፊት የቆመ ሰው አለ። ስለዚህ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ዕትም ያስጠንቅቅ፣ የጎደለው የት እንደሆነ ያሳይ፣ ያርም ዘንድ ለሁሉም ጊዜ ይሰጥ። ከዚያ ይቁም። ጉድለቱን የሚፈልገውን ፕሮግራም ጽፌ አያይዣለሁ፤ ማንም ይውሰደው።»

በዚያው ሳምንት ዕቃዋን በአንድ ካርቶን ይዛ ወጣች። ደምስ ደረጃው ድረስ ሸኛት፣ ካርቶኑንም ተሸከመላት። ውሉ ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ ተመለሺ ግን አላላትም፣ እሷም አልለመነችም።

ሊስቱ ላይ አንዱ ፈጥኖ «እንግዲህ ሚስተር ቱፋ ካመነ ነገሩ ተዘጋ፣ ድምፅ እንስጥ» አለ። ሆላንዱ ነው ያስቆመው። «አልተዘጋም» አለ። «ይህን ሐሳብ ሳቀርብ እኔ አንድም ሰው ሄጄ አላየሁም። እዚህ ከምንከራከረው ሁሉ ሄዶ ያየው እሱ ብቻ ነው።» ወራት ፈጀ። በመጨረሻ የሆላንዱ ሐሳብ የጸደቀው ጌጤ እንዳለችው ሆኖ ነው፤ የማስጠንቀቂያው ዕትም ቀድሞ፣ የእሷ ፕሮግራምም ተያይዞ። እሷ ራሷ የመምረጥ መብት አልነበራትም። ማሩን በአንድ ተጓዥ እጅ ላከችለት፤ ከነሰፈፉ ነበርና ሰውዬው ሰፈፉ ይበላ አይበላ እንደሆነ ሊስቱ ላይ በይፋ ጠየቀ። «አኝከህ ትፋው፣ እንደ ክርክርህ» አለችው።

አንድ ነገር ደግሞ አስገባች። ቋንቋው ላይ ማንም ለውጥ ሲያቀርብ ለውጡ በብዙ ፈተና ውስጥ ያልፋል፤ አንዱን ከወደቀ አይገባም። ከእነዚያ ፈተናዎች አንዱ የጌጤ ነው። ሁለት ሰዎች አሉ ይላል፣ ስማቸው አስካለ በቀለ፣ የትውልድ ቀናቸው የለም፣ ስልካቸው የለም፤ ስንት ሰው ናቸው? ሁለት ብሎ ያልመለሰ አያልፍም። በሽታ የሚል ቃል የለበትም። አስካለ እንዳዘዘችው ነው፣ ስም ብቻ።

ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤቷ ሆና ነበር የምትሠራው። ኔትወርክ ሲጠፋባት ሁለተኛ ፎቅ የሚሠራ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥታ ትልካለች። መመዝገቢያችን ያለበትን ጤና ጣቢያ ሁሉ ማንም ሳይልካት እየዞረች መዝገቡን አጣርታለች፤ ሌላ የተደባለቀ ሰው አላገኘችም። ይህን ስትነግረኝ ብቻ ነው ዓይኗ ሲሞላ ያየሁት። የሞተችው በልብ ሕመም ነው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። ቀብሯ ላይ ከዘመድ በላይ ያለቀሰችው አንዲት ቆሎ ሻጭ ናት፤ ሰው ማን እንደሆነች እየጠየቀ ነበር። በጣም ትናፍቀኛለች። ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ቶሎ እንስማማለን አሁን፤ ደስ አይልም።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ፕሮግራመር ሊስቱ ላይ ጻፈ። ፍጥነት የሚጨምር ለውጥ ሠርቷል፤ ጎበዝ ልጅ ይመስላል። አንድ ፈተና ግን አላሳልፍ ብሎታል። «ውስጡ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ነው ያለው፣ አስካለ በቀለ ምናምን የሚል፣ ያውም ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ» አለ። «የጻፈው ሰው ስለሌለ ይሰረዝልኝ።» ሁለት ሰዎች ተስማሙለት። ሆላንዱ ፈቃድ ላይ ነበር። እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ማንም አልተቃወመም፤ እኔም አልተቃወምኩም፣ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።

ወደ ቤት መሄዴን ትቼ ፈረንሳይ ታክሲ ያዝኩ። አስካለ ማዞሪያው ላይ ናት፣ ሞላ ብላለች፣ ረዳቶቹን እያሽሟጠጠች ቆሎዋን ትሰፍራለች። ሁኔታውን እንደሚገባት አድርጌ ነገርኳት፤ እዚያ ጌጤ የጻፈችው ቦታ ላይ ስምሽን ሊያጠፋው የሚፈልግ ሰው መጥቷል አልኳት።

መስፈሪያዋን አስቀመጠች። «ማን ነው እሱ?»

«አንድ ልጅ ነው፣ ሩቅ አገር ያለ።»

«ያውቀኛል?»

«አያውቅሽም።»

«ሞክሼዬንስ?»

«እሷንም አያውቃትም። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የተጻፈ መስሎታል።»

ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ዞራም አላየችው።

«አልፈቀድኩም በይው» አለችኝ።

እዚያው ማዞሪያው ላይ፣ በታክሲዎቹ ጩኸት መሀል ስልኬን አወጣሁ። ሊስቱን ከፈትኩና ዓለም ሁሉ በሚያየው ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩ፦ «እቃወማለሁ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷን አሁን አነጋግሬያት ነበር፤ አልፈቀደችም።»